የተገለበጡት ዲስኮች

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ የጋራዥ ኃላፊ ቤቴ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ገብቶ አያውቅም። «ጋሽ ኦኬሎ፣ የአምቡላንሶቹን ፍሬን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ለአዳዲሶቹ መካኒኮች ትንሽ ይጻፉላቸው። ዲስኩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ቸርኬው ለምን እንደተቀየረ፣ እንዲያ ያለ ነገር» አለኝ። እሺ ብዬ ሸኘሁት።

ሦስት ቀን ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። ስለ ዲስክ ልጽፍ በጀመርኩ ቁጥር ሐሳቤ ደረጀ ላይ ሄዶ ይቆማል። ደረጀ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። እኔ በጻፍኩት የአንድ ገጽ ሪፖርት ሁለት ዓመት ታስሯል፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል፣ የሰው ነፍስ አጠፋ ተብሏል። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ይህን ደብቄ ስለ ፍሬን አንድ መስመር ብጽፍ ውሸት ስለሚሆን ሁሉንም እጽፋለሁ። ኃላፊው ካልወደደው አያባዛው።

የተወለድኩት እዚሁ ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ነው። አባቴ ሰው በታንኳ የሚያሻግር አኙዋ ነበር፤ እኔም መፍቻ ከመያዜ ብዙ ዓመት በፊት የያዝኩት መቅዘፊያ ነው። መካኒክነት የጀመርኩት አቦቦ፣ የእርሻ ትራክተር በመጠገን ነው። ከዚያ ዲማ ሄጄ ሦስት ዓመት ሠራሁ። የዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች መኪና እስኪሞት ይነዱታል፤ ከሞተም በኋላ ይነዱታል። ያለ ፍሬን ዘይት፣ ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ሸራ አልቆ፣ ብረት በብረት እያፋጩ የሚመጡ መኪኖች እዚያ ነው ያየሁት። ሚስቴ ወባው በዛብን ስትል ወደ ከተማ ተመለስኩና የጀዊን የስደተኞች ካምፕ የሚያገለግል አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋራዥ ገባሁ። ደመወዙ ከዲማው ያነሰ፣ ቅጹ ደግሞ የበዛ ነበር፤ አንድ ቡሎን ከስቶር ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። አለቆቻችን በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ።

የማልረሳው ፎርማናችንን ጋሽ ሐሰንን ነው። ወሎ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ወንድማቸው ጋምቤላ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር እሱን ተከትለው የመጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የውድድር መኪና መካኒክ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ወሬ ከጀመሩ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አይቆምም። «ሕዝቡ የሚጮኸው ለሞተሩ ነው» ይሉ ነበር። «ነጂው ግን መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እኔን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ሐሰን፣ መጨረሻው ዙር ላይ ፍሬን ይኖረኛል? ይኸው ነው ጥያቄው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ሩጫውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው ወደ አየር ነው። አየር ካላገኘ ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይንሸራተታል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይወርዳል። የውድድር መኪና በየመታጠፊያው ፍሬን ስለሚይዝ እዚህ ላይ ይደርሳል። የኛም አምቡላንሶች ይደርሱ ነበር። በሽተኛ ይዘው መቱ ወጥተው፣ በጎሬና በቡሬ አድርገው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ማለቂያ የለውም። ታች ሲደርሱ ደግሞ የሚቀበላቸው የኛ ትኩስ አየር ነው፤ የጋምቤላን ከሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ይባስ ብለው ሹፌሮቹ ከቁልቁለቱ በቀጥታ ባሮ ወርደው መኪናውን ያጥቡ ነበር። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ጋሽ ሐሰን አንድ ቀን ባልዲውን ከሹፌር እጅ ነጥቀው ወንዙ ውስጥ ወረወሩት፤ ባልዲው የጋራዡ ስለነበር ለእሱም ቅጽ ሞሉ።

በዚያው ሰሞን «መቱ የምትመላለሰውን አምቡላንስ እንደ ውድድር መኪና እናድርጋት» አሉ። ሳቅንባቸው። እሳቸው ግን ሥራ ጀመሩ። ለጌጥ የተደረገውን የጎማ ክዳን አውልቀው ጣሉ። ድፍኑን ቸርኬ ሰፋፊ ክፍተት ባለው ቸርኬ ቀየሩ፣ ሙቀቱ በዚያ በኩል እንዲወጣ። ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የላሜራ መከላከያ በልክ ቆረጡና ከፊት መከላከያው ጀምሮ እስከ ዲስኩ መሃል የሚደርስ ቱቦ ዘረጉ። በመጨረሻም አዲስ አበባ ካሉ የውድድር ወዳጆቻቸው ሁለት ጥንድ ዲስክ አስመጡ፤ የቡሎን ቀዳዳውን ቶርኖ ቤት አስተካከለልን። አንዱ ጥንድ ተገጠመ፣ ሌላው ለመለዋወጫ ተቀመጠ።

እነዚያ ዲስኮች ሁለት ሳህን ፊት ለፊት እንደተጋጠመ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ቀጫጭን ክንፎች አሉ። ዲስኩ ሲዞር አየር በመሃሉ ይገባል፣ በክንፎቹ መካከል አልፎ በዳር ይወጣል። ተራው ዲስክ ላይ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ግራም ግጠመው ቀኝም ለውጥ የለውም። የውድድሩ ዲስክ ክንፎች ግን ጎባጣ ናቸው። ከመሃል ወደ ዳር ሲሄዱ ከመዞሪያው አቅጣጫ ወደ ኋላ መተኛት አለባቸው። ስለዚህ የቀኙ ለቀኝ፣ የግራው ለግራ ብቻ ነው።

ጋሽ ሐሰን ፍሬን ሠርተው ሲጨርሱ ሁለት ነገር ሳያደርጉ መኪና አያስወጡም። የመጀመሪያው የሲጋራ ፍተሻ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማዋን በሞተር ያዞራሉ፤ ከዚያ ሲጋራ ለኩሰው በሁለት ጣት ጫፍ፣ እንደ ሞተ አይጥ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ወደ ዲስኩ መሃል ያስጠጉታል። በሕይወታቸው አጭሰው አያውቁም። «ያ አላህ፣ ለሥራ ነው» ይላሉ። ጭሱ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበና በቸርኬው ክፍተት ከወጣ አምቡላንሷ ትሄዳለች። ሁለተኛው የጠብታ ፍተሻ ነው። ከቁልቁለት የተመለሰች መኪና ዲስክ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ብቻ ያሳርፋሉ። ጠብታዋ ቸስ ብላ ከደረቀች ደህና ነው። እንደ ዶቃ ተንከባልላ ከወደቀች ግን ዲስኩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ሹፌሩ ቁልፉን ያስረክባል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ሐሰን ታመው ወደ ወሎ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ከመሄዳቸው በፊት መለዋወጫዎቹን ዲስኮች ከስቶር አውጥተው አንዱ ላይ «ቀ»፣ አንዱ ላይ «ግ» ብለው በነጭ ቀለም ጻፉ። «አንተ የወንዝ ልጅ» አሉኝ፤ ሁሌም እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ፤ «አሮጌዎቹ ሲያልቁ እነዚህን ትገጥማለህ። ፊደሉን እመን፤ እጅህን አትመን።» ፎርማንነቱ ለእኔ ተሰጠ።

አሮጌዎቹ ያለቁት በክረምቱ መግቢያ ነው። ፈትቼ አወጣኋቸውና ክንፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተመለከትኳቸው። ጎድጓዳ ጎናቸው ወደ ኋላ ነው። ሲዞሩ አየሩን የሚመቱት በጀርባቸው ነው። እኔ ደግሞ መቅዘፊያ ይዤ ያደግኩ ሰው ነኝ። ውሃ የሚገፋው ጎድጓዳው ጎን ነው፤ በመቅዘፊያ ጀርባ የሚቀዝፍ ሰው እንኳን ሊሻገር ካለበት ፈቅ አይልም። «አይ ጋሽ ሐሰን፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር» አልኩ በሆዴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገልብጠው ገጥመውት ማንም አላወቀም ብዬ አዘንኩላቸው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም አለኝ፤ መምህሬን አረምኩ። «ቀ» የሚለውን ግራ፣ «ግ» የሚለውን ቀኝ ገጠምኩ።

አየር ግን እንደ ባሮ ውሃ አይደለም። ዲስኩ አየሩን መዛቅ ሳይሆን ከመሃል ወደ ዳር ማንሸራተት ነው ያለበት። ይህን ጋሽ ሐሰን ያውቁ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። የሲጋራውን ፍተሻ ባደርግ ግን በአምስት ደቂቃ አውቀው ነበር።

ለምን አላደረግኩም? ሲጋራ አልነበረኝም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ከጋራዡ ፊት ያለው ሱቅ በረንዳ ላይ ሁልጊዜ ከጉባኤያችን ሰው አይጠፋም። እዚያ ቆሜ «ሲጋራ ስጠኝ» ማለት አፈርኩ። ጋሽ ሐሰን ሙስሊም ሆነው፣ በወንድማቸው ሱቅ ውስጥ ሳያፍሩ ይገዙ የነበረውን አንድ ፍሬ ሲጋራ እኔ አፈርኩበት። የጠብታውንም ፍተሻ እየተውኩት መጣሁ። አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ሸራ፣ ምን ይሆናል ብዬ።

አንድ ቀን ሲስተር አርየት ጋራዡ ገባች። ከደረጀ ጋር መቱ የምትመላለሰው ነርስ ናት፤ የኢታንግ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ እኔን እንደ አባቷ የምታይ። «ኦኬሎ፣ ያቺ መኪናህ ቁልቁለቱ ላይ ትሸታለች። እኔ የሆስፒታል ሽታ ለምጃለሁ፣ ይኼኛውን ግን አልወደድኩትም» አለችኝ። አዲስ ሸራ እስኪለምድ እንደዚያ ነው አልኳት። ሹፌሩ ሳይሆን ነርሷ ልትነግረኝ መምጣቷ እንኳ ከወንበሬ አላስነሳኝም። «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ ሄደች። በሕይወት ያየኋት ያን ቀን ነው ለመጨረሻ ጊዜ።

ከሳምንት በኋላ በሽተኛ አድርሰው ሲመለሱ፣ ከቡሬ በታች አንድ መታጠፊያ ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ደረጀ ፍሬን ያዘ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ከጭነት መኪናው ጋር ላለመላተም ወደ ገደሉ ጠመዘዘ። እሱ ጎድኑ ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ ተረፈ። አርየት እዚያው ሞተች።

መኪናዋን ለማምጣት የተላክሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መኪና ሊጎተት ሲል ማርሹን ዜሮ ማድረግ የማንኛውም መካኒክ ልማድ ነው፤ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ የማርሹን ዘንግ ያዘ። ሁለተኛ ላይ ነበር። ደረጀ ቁልቁለቱን ደንቡን ጠብቆ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት በከባድ ማርሽ ነበር የወረደው። ሳብ አድርጌ ዜሮ አስገባሁት። በዚያን ሰዓት ምንም ክፋት አላሰብኩም፤ መጎተት ነበረባት፣ ጎተትናት። ማርሹ የት እንደነበረ ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። የትራፊክ ፖሊሱ ጋራዥ መጥቶ ሲመረምር ያገኘው ዜሮ ላይ ነው።

የፊት ዲስኮቹ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል። ፈታኋቸውና በሁለተኛዋ አምቡላንስ ላይ ገጠምኳቸው፤ መጀመሪያ እኔ በገጠምኩበት መንገድ። ሱቁ ሄጄ ሲጋራ ገዛሁ፤ ማን እንዳየኝ አላስታውስም። ጎማው ሲዞር ጭሱ ዲስኩ አፍ ላይ ተንሳፈፈ፤ ጥቂቱ ገባ፣ ብዙው እዚያው ቆየ። ግራና ቀኙን ቀየርኳቸው፤ ፊደሉ እንደሚለው። ጭሱ ሽው ብሎ ገባ። ሲጋራው ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ቆሜ አየሁት። ዲስኩ ብቻውን ገደላት ብዬ አልምልም፤ ቱቦውም በጭቃ ተደፍኖ ነበር፣ ያንንም ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ደረጀ ግን ምንም አላጠፋም።

የዚያን ጊዜው አለቃችን ቢሮ ጠራኝ። «ኦኬሎ፣ ፖሊስ የባለሙያ ሪፖርት ይፈልጋል። ጥፋቱ የጋራዡ ከሆነ ጋራዡ ይዘጋል፤ ሠላሳ ሰው ይበተናል። የምታየውን ጻፍ፤ ግን አስበህ ጻፍ» አለኝ። አስቤ ጻፍኩ። የፍሬኑ ክፍሎች የተሟሉና አዲስ እንደሆኑ ጻፍኩ፤ ይህ እውነት ነበር። ማርሹ ዜሮ ላይ መገኘቱን ጻፍኩ፤ ይህም በጋራዡ ቅጥር ውስጥ እውነት ነበር። ከዚያ «አደጋው ሹፌሩ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ በመውረዱ የደረሰ ሊሆን ይችላል» ብዬ ፈረምኩ። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ዳኛው ፊት ሲነበብ «ሊሆን ይችላል» ጠፍቶ «ነው» ሆነ።

ደረጀ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ ብሎ ማለ። የሰማው የለም። እስር ቤት ሳሙናና ስኳር ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ልነግረው ነበር የሄድኩት። ከኔ ቀድሞ እሱ ተናገረ። «ኦኬሎ፣ አልቀየምህም። ጭንቅላቴን ስለተመታሁ ይሆናል። ሁለተኛ ላይ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር። አንተ መካኒክ ነህ፤ ዜሮ ነው ካልክ ዜሮ ነው። እንቅልፍ አሸልቦኝ አውጥቼው ይሆናል።» ሳሙናውን ሰጠሁትና ወጣሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ራሴን እጠላዋለሁ። ዓመታቱን ብቻ አልነበረም የወሰድኩበት፤ በገዛ እጁ የሠራውን ነገር ማስታወሱን ወሰድኩበት።

ከዚያ ወዲህ ጎበዝ መካኒክ ሆንኩ። ዲስኮቹን ሁሉ በፊደላቸው ገጠምኩ፤ ቱቦዎቹን በየሳምንቱ አጸዳሁ፤ ሲጋራ በኪሴ ይዤ መዞር ጀመርኩና በጉባኤው ስሜ ጠፋ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሌላ አምቡላንስ ፍሬን አልከዳውም። ስወጣ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡኝ። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል ይላሉ፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ዲስኩ ሳይግል ታች ይደርሳል አሉ። እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እኔ የማውቀው ነገር ባያስፈልግ ይሻላል።

አንድ ጊዜ የአርየት እናት ለጉባኤ ከኢታንግ መጥታ በቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት ሰጠች። «ልጄን የገደላት ሹፌር ከእስር ከወጣ ጀምሮ በየዓመቱ ይመጣል። እግሬ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። በኢየሱስ ስም ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ አሜን አልኩ።

ይህን ጽሑፍ ለጋራዡ አንድ ቅጂ፣ ለፍርድ ቤቱ አንድ ቅጂ እሰጣለሁ። የሚመጣብኝ ይምጣ። ከሁለቱ በፊት ግን ደረጀ መስማት ነበረበትና ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ።

ገበያው አጠገብ፣ ቤቱ በር ላይ ብስክሌት ይጠግናል። የተነፈሰ ጎማ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልግ ነበር። «ኦ! ጡረታ ወጣህ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ተቀመጥ» ብሎ በርጩማውን በእጅጌው ጠረገልኝ። ተቀመጥኩና ከዲስኮቹ ጀምሬ ነገርኩት። መቅዘፊያውን፣ ሲጋራውን፣ አርየት ሽታ አለ ማለቷን ነገርኩት። ጎማውን ማዞሩን አላቆመም። ማርሹ ላይ ስደርስ እጁ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ምን ላይ ነበር አልክ?»

«ሁለተኛ ላይ።»

«በእጅህ ነው ያወጣኸው?»

«በእጄ። ለመጎተት ብዬ።»

«ዜሮ አልነበረም?»

«አልነበረም፣ ደረጀ። ሁለተኛ ላይ ነበር።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ እወድ ነበር። እሱ ግን «እኔ እኮ በየዓመቱ ለእናቷ ዜሮ አድርጌ ገደልኳት እላታለሁ» አለ። «እንዴት እንደወጣ አላስታውስም፣ ግን እኔ ነኝ እላታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?»

እጁን ከባልዲው አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ጠራት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር መሰለኝ፣ ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች። እኔን አይታ ሰላም ልትለኝ ስትል ከለከላት።

«ተቀመጪ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ማርሹ ምን ላይ እንደነበረ ለእሷም ንገራት። ስትጨርስ ተነስና ኢታንግ እንሄዳለን።»